ኢመርጀንሲ በር ላይ ምሳ

«አማቱ አጉርሰው ሊገድሉት ነበር» የሚለው ወሬ እኔ ከሆስፒታል ሳልወጣ ጎረቤት ከተማውን ታከርን አዳርሶ፣ በፓይን ሌክ በኩል ዞሮ፣ ቤቴ ገብቶ ጠበቀኝ። ስቶን ማውንቴን የምንኖር ሰዎች ያለ መኪና ዳቦ እንኳ አንገዛም፤ ወሬ ግን በእግሩ ይደርስልናል። የሚያወራው ሁሉ እየሳቀ ነው። ምራትና አማት መናከሳቸው የተለመደ ነው፤ አማቿን በፍትፍት የምትገድል ሴት ግን አዲስ ነገር ሆነችባቸው። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ከሳቁ በኋላ የመጣውን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። አሁን ዓመታት ስላለፉት ልንገራችሁ።

አማቴ የመጡት ልጃችን ስትወለድ ባለቤቴን ሊያርሱ ነው፤ በዚያው ቀሩ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ እኔ ታከር ያለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ እነዳለሁ። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፤ ቤቱን ቤት ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ስለዚህ «እማማ» ስላቸው ለወጉ ያህል አልነበረም። ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ እንኳ የሚፈርዱት ለእኔ ነው። «አንቺ ዝም በይ፣ እሱ ደክሞት ነው የመጣው» ይሏታል። እሷም «የማን እናት ነሽ ግን?» ትላለች። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ቁጣዬ የገለባ እሳት ነው፣ ቦግ ብሎ ይጠፋል። እሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ስጮህ መልስ አይሰጡኝም፤ ያጎርሱኛል። አፉ የሞላ ሰው ምን ብሎ ይጮሃል?

ጉርሻቸው ደግሞ አፍ ተለክቶ የሚጠቀለል አይደለም። «እማማ፣ ይቺ ለሁለት ሰው ትበቃለች» ስላቸው «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይሉና አውራ ጣታቸውን ጨምረው ይገፉታል። ለልጅ ልጃቸውም፣ ለእንግዳውም፣ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሜክሲኳዊም እንዲሁ ነበሩ። ያ ሰውዬ ደንግጦ አፉን ሲከፍት አይቼ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ።

የእኔ ጣጣ የጀመረው መጋዘን ውስጥ፣ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ባመጣው ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ነው። ከንፈሬ አበጠ፣ ሰውነቴ ሽፍ አለ፣ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ተመርምሬ የሰሊጥ አለርጂ አለብህ ተባልኩ። ዕድሜ ልኬን ስበላው የኖርኩትን ሰሊጥ! ሐኪሙ «ሰውነት አንዳንዴ ሐሳቡን ይለውጣል» አለኝ። እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ታዘዘልኝ፤ ጉሮሮህ ከተዘጋ ጭንህ ላይ ውጋው፣ ከዚያ አምቡላንስ ጥራ ተባልኩ። እኔ ቀልድ አደረግኩት። አማቴ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ሰሊጥ ሁሉ፣ ከአገር ቤት የተላከላቸውን ሳይቀር፣ ጠርገው ጣሉ። ማንም ሰው ቤታችን ምግብ ይዞ ሲመጣ «ሰሊጥ የለውም?» ሳይሉ አይቀበሉም ነበር።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው ያጎረሱኝ። ነገሩ እንዲህ ሆነ። በዐቢይ ጾም፣ አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ነበር። እንደ ወጉ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ትሪ ይዞ ይመጣል፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል። ከመሃል ነጣ ያለ ፍትፍት ነበር። አማቴ «ይሄ ሱፍ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ሱፍ ነው እማማ» ተባሉ። ሰሊጥ እንደሌለበትም ጠየቁ፤ ምግቡን የምታድለው ልጅ «ሱፍ ነው አልኩዎት እኮ» አለች፤ ያዘጋጀችው ግን ሌላ ሴት ነበረች። ሱፉ ከሱቅ ጠፍቶባት፣ ያላት አልበቃ ሲላት፣ ሰሊጥ ቀላቅላበታለች። በጾም ወቅት እዚህ አገር ሱፍ ሲጠፋ ሴቶቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ መልኩም ያው ነጭ ነው፣ ቃሪያና ሽንኩርት ገብቶበት ማን ይለየዋል? አማቴ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱ። ደስ እያለኝ በላሁት።

መጀመሪያ መዳፌን በላኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ ነደደ። «እማማ፣ ይሄ ነገር...» ብዬ ሳልጨርስ ምላሴ ወፈረብኝ፣ አየር የሚባል ነገር አጠረኝ። ሰው ሲጮህ ይሰማኛል፣ ወንበር ሲወድቅ ይሰማኛል። ባለቤቴ ከቦርሳዋ መርፌውን አውጥታ ጭኔ ላይ ስትተክለው ሕመሙ አልተሰማኝም። የማስታውሰው የአማቴን እጅ ነው። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ይዘውት፣ እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ፣ ፍትፍቱ በጣቶቻቸው መሃል ሲንጠባጠብ። በዚያ ሰዓት እሞታለሁ ብዬ አመንኩ። ልጄን ሳልሰናበት ልሄድ ነው አልኩ በልቤ።

አልሞትኩም። በማግስቱ ጠዋት ቤቴ ገባሁ። ሰውነቴ ዳነ፣ ሥራዬ ተመለስኩ፣ ሰዎች «አማትህ እንዴት ናቸው፣ ዛሬስ ምን ሊያበሉህ ነው?» እያሉ ቀለዱብኝ። ምግብ ግን አልገባልህ አለኝ። እንጀራውን እቆርሳለሁ፣ አጠቅሳለሁ፣ ወደ አፌ ሳስጠጋው ጉሮሮዬ ምንም ሳይነካው ይዘጋል። ልቤ ይመታል፣ መዳፌ ያልበኛል፣ ጆሮዬ ይነዳል። እውነተኛው ይሁን የፍርሃቱ መለየት አቃተኝ። እኔው የላጥኩት ሙዝ፣ እኔው የቀቀልኩት እንቁላል፣ በቃ፤ ሌላ የለም። ሱሪዬ ከወገቤ አልቆም አለ።

እቤት «ሥራ ቦታ በልቻለሁ» እላለሁ፣ ሥራ ቦታ «እቤት እበላለሁ» እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እውነቱ የሚያሳፍር ነው። በምሳ ሰዓት መኪናዬን አስነስቼ፣ ከመጋዘኑ ብዙም የማይርቅ አንድ ሆስፒታል ሄጄ፣ የድንገተኛ ሕክምናው ክፍል፣ የኢመርጀንሲው በር ፊት ለፊት ፓርክ አደርጋለሁ። እዚያ ሆኜ ነው እንቁላሌን የምልጠው። አንድ ነገር ቢመጣ ተንከባልዬም ቢሆን እደርሳለሁ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ እጎርሳለሁ፣ ምላሴን በመኪናው መስታወት አያለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ እንደገና እጎርሳለሁ። የበሩ ጥበቃ መጀመሪያ ሰሞን በጥርጣሬ ያየኝ ነበር፤ በኋላ ለምዶኝ እጁን ያነሳልኛል። ትልቅ ሰውዬ፣ የልጅ አባት፣ እንቁላል ለመብላት ሆስፒታል የሚሄድ!

የአለርጂ ሐኪሙ ነገሩ ሲገባው ወደ አንዲት አማካሪ ላከኝ። ገራም ሴት ናት። «ያለብህ ትራውማ ነው» አለችኝ። ኧረ ጉድ! ስንት ሰው በረሃ አቋርጦ፣ ካምፕ ውስጥ ዓመታት ኖሮ፣ ወንድሙን ቀብሮ በመጣበት ሰፈር እኔ «ፍትፍት አስደነገጠኝ» ብዬ ላውራ? እሷ ግን አልሳቀችም። ሰውነትህ አንዴ ሊሞት ደርሶ ነበር፣ ያንን ቀን ሊረሳልህ አልቻለም፣ ስድብም ሆነ ምክር አይሰማም አለች። «የምታምነው ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ብላ» አለችኝ። የማምነው ሰውማ አለ። ችግሩ ያጎረሰኝም እሱው ነው።

እማማ በበኩላቸው ዝም አላሉም። የፈለቀላቸው ዘዴ ግን አሳበደኝ። ማዕድ ሲቀርብ፣ እንደ ድሮ ቤት አሳላፊ፣ ከወጡ መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጉና ፊት ለፊቴ ይቀምሳሉ። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው «ይኸው፣ ደህና ነው፣ ብላ» ይሉኛል። አገር ቤት ምግብ መመረዝ አለመመረዙ በዚህ ይታወቅ ነበርና እሳቸው የመሰላቸው ይህ ነው። ውሃውን ሳይቀር ይቀምሱልኛል። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ገለባው ተቀጣጠለ።

«እማማ! እርስዎን የማይነካው ነው እኮ እኔን የሚገድለኝ! እርስዎ ሰሊጥ በጆንያ ቢበሉ ምን ይሆናሉ? ያኔስ ቢቀምሱት ያውቁት ነበር? ለምን ያስጨንቁኛል!»

ድሮ ቢሆን ያጎርሱኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ መቅመሳቸውን ተዉ። ወጥ መሥራቱንም ለባለቤቴ ተዉት። ልጃችንን እንኳ በእጃቸው ማጉረስ አቁመው ማንኪያ ይሰጧት ጀመር፤ ልጅቷ «አያቴ በእጅሽ» ብላ ታለቅሳለች፣ እሳቸው «በማንኪያ ብይ የኔ እናት፣ ማንኪያ ንጹሕ ነው» ይላሉ። እኔ ይህንን ሁሉ እያየሁ ስለ ራሴ ጉሮሮ ብቻ አስብ ነበር።

ፋሲካ አልፎ የዚህ አገር በጋ ሲገባ ባለቤቴ ከሥራ መጥታ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬ ልትሄድ ነው» አለች። «ቲኬት ቁረጥልኝ ብላ ወንድሜን አስቆርጣለች።»

«ለጉብኝት?»

«ለሁልጊዜ። እኔ እዚያ ቤት እስካለሁ ልጄ እህል አይቀምስም አለችው። እጇ ወደ ማዕድ ሲመጣ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። እሷም አይታለች።»

አላውቅም ነበር። ፊቴ የሚያወራ አልመሰለኝም ነበር። ሄጄ በራቸውን አንኳኩቼ «እማማ፣ አይሂዱ» ብላቸው «አይ ልጄ፣ አገሬ ናፍቆኝ ነው» አሉኝ። ውሸታቸውን ነው። አልጋቸው ላይ ሻንጣው ተከፍቷል፤ እዚህ ግቢ ውስጥ የተከሉትን ጤና አዳም ማን ያጠጣዋል እያሉ የሚያለቅሱ ሴት ናቸው። ገባኝ፤ እንዲህ ሆነው ከሄዱ፣ እኔን ልገድለው ነበር የሚለውን ተሸክመው ከሄዱ፣ ዳግመኛ አይመለሱም። የሚያስቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእጃቸው መብላቴ። እሱን ደግሞ አልችልም። በየቀኑ ዛሬ እጎርሳለሁ እላለሁ፣ ማዕዱ ሲቀርብ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሽንት ቤት ገብቼ እቆያለሁ። ቀኑ ደግሞ ቀረበ።

ሊሄዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በእረፍት ቀኔ፣ ለዘመድ የሚወስዱትን ስጦታ ልንገዛ ወጣን። ለወንድሞቻቸው ልጆች ጫማ ገዛን፤ የእያንዳንዱን እግር በክር አስለክተው አስልከው ነበርና ክሩን ጫማው ውስጥ እየከተቱ ሲለኩ ሻጩ ግራ ገባው። ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ የምሳ ሰዓት ደረሰ። እኔ ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ መሪው በለመደው ሄደና ኢመርጀንሲው በር ላይ ፓርክ አደረግኩ!

አማቴ ቀዩን ጽሑፍ ሲያዩ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ ልጄን! አሞሃል እንዴ? ምን በላህ? ምን ነካህ?» የመኪናውን በር ለመክፈት ይታገላሉ፤ ቀበቶውን ሳይፈቱ።

«ምንም አልሆንኩም እማማ። ደህና ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን እንሠራለን?»

ጥበቃው ከሩቅ አይቶኝ እጁን አነሳልኝ። «ያውቅሃል?» አሉኝ። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ምሳዬን የምበላው እዚህ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ። ሌላ ቦታ አይወርድልኝም።»

በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው በሩን አዩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። «ብቻህን?» አሉ። «ብቻዬን» አልኳቸው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «እኔ እኮ ከእኔ እጅ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሥራ ቦታ ጠግበህ የምትመጣ መስሎኝ... አይ ልጄ፣ በረሃብ ልታልቅ ነው እንዴ!»

«የፈራሁት እጅዎን አይደለም እማማ። ጉሮሮዬን ነው። ጉሮሮዬ ከዳኝ።»

«እኔ ደግሞ የፈራሁት እጄን ነው» አሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ልጅቷን ላጎርስ ስል ይንቀጠቀጥብኛል። ማታ ስተኛ ትራሴ ሥር እከተዋለሁ። በዚህ እጅ ስንቱን አሳድጌ፣ አንተን... አንተን!»

ያኔ ነው የገባኝ። አንዲት አማካሪ ለእኔ ተገኝታ ስትመክረኝ፣ ያው አዳራሽ ውስጥ፣ ያው ቀን፣ ከእኔ ጋር ሞትን ያዩ ሴት እቤቴ ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ቦርሳቸው ውስጥ ምን እንደያዙ ጠየቅኳቸው። የውጪ ምግብ ስለማይበሉ ሁልጊዜ ምሳቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። በባዶ የእርጎ ዕቃ የሽሮ ፍትፍት አወጡ። «ለእኔ ነው፣ አንተ ተወው» አሉ፤ ቀጥለው ግን ቀስ ብለው መናዘዝ ጀመሩ። ሽምብራውን አንድ በአንድ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው፣ ሌላ እህል ገብቶበት በማያውቅ አዲስ መፍጫ ፈጭተውታል። ቅመም የለውም፤ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው። ወጡን ከተዉም በኋላ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ይህንን ብቻ በየሳምንቱ እየሠሩ ምናልባት ይቀምስልኝ ይሆናል እያሉ ይጠብቃሉ፣ አልቀምስ ስል ራሳቸው ይበሉታል።

«ያጉርሱኝ» አልኳቸው።

«አላደርገውም!»

«ቆመን ያለነው የት ነው? በሩ ይኸው። ዶክተር ሞልቷል። እዚህ ካልጎረስኩ የት ልጎርስ ነው?»

መርፌውን አውጥቼ በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው። በቀኛቸው ጠቀለሉ። ከመስጠታቸው በፊት ግን ከዕቃው ቆንጥረው ራሳቸው ቀመሱ። አየኋቸው። «ምንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ» አሉኝ። «ነግረኸኛል። ግን ብቻህን አትብላው ብዬ ነው።»

ጉርሻው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አንጓቸውን ይዤ ወደ አፌ ሳብኩት። አይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እምቢ አለ፣ እኔም እምቢ አልኩ፣ አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ ዋጥኩት። አይኔን ስገልጥ አማቴ መርፌውን በገዛ አውራ ጣታቸው ላይ ደግነው፣ ጸሎት እያነበነቡ፣ ጭኔን ትኩር ብለው ያያሉ።

«እማማ! ያዙሩት! የሚወጋው በብርቱካናማው በኩል ነው፣ ራስዎን ሊወጉ ነው እኮ!»

«አንተ ዝም በል፣ ምላስህን አሳየኝ!»

ምላሴን አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት፤ ጥበቃው ምን ብሎ እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። ጠበቅን። ሰዎች ገቡ፣ ሰዎች ወጡ። ጆሮዬ አልነደደም። መዳፌም ላቡ ደረቀ። የሽሮው ጣዕም ዘግይቶ ነው የመጣልኝ፤ ጨው ትንሽ በዝቶበታል። ስነግራቸው «እንባዬ ይሆናል» አሉ፣ ሁለታችንም ሳቅ ገነፈለብን። ከዚያ እኔም ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። «ተው ልጄ፣ እኔ ምን ሆንኩ ብለህ» እያሉ አፋቸውን ከፈቱ።

በአንድ ጉርሻ ዳንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ምሳዬን እዚያ በር ላይ ነው የበላሁት፤ በእረፍት ቀኔ እሳቸውም አብረውኝ ይመጡ ነበር። ቀስ እያልን፣ አማካሪዋ እንዳለችው፣ መኪናዋን ከበሩ ራቅ ራቅ አደረግናት። ዛሬም ሰው ቤት ማዕድ ሲቀርብ ልቤ ድንግጥ ይላል። እሱ አብሮኝ ይኖራል፣ ለምጄዋለሁ።

ያን ቀን ግን የእርጎው ዕቃ ባዶ ሆኖ፣ እጃቸውን በሶፍት ጠርገው ከጨረሱ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተከመሩትን የጫማ ካርቶኖች ዞረው አዩ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር የገዙትን ዕቃ ሲመልሱላቸው ይቀበላሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አይቆጡም?»

«አይቆጡም እማማ።»

«እንግዲያው ጫማዎቹን እንመልሳቸው» አሉ። «የሚወስዳቸው ሰው የለም።»

ቁልፉን አዞርኩ፤ ግን እንባዬ መንገዱን ስለጋረደብኝ ወዲያው መንዳት አልቻልኩም። እሳቸውም ቸኩል አላሉኝም።